የሰባት አውድማ ታሪክ፣ ከሁለት ገጽ የተረፈው

ሰኔ 20 ቀን 2094 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሰባት አውድማ ከተማ፣ በቀድሞው ወፍጮ ቤት የተገኙት የሚከተሉት ናቸው፦ የእድሩ ዳኛ አቶ ደስይበለው አድማሱ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ስንሻው ካሴ፣ ወይዘሮ የውብዳር መኩሪያ፣ ወይዘሮ ብርነሽ ታከለ እና እኔ ጸሐፊው ይትባረክ አለኸኝ። ያልተገኘ የለም። በከተማዋ ከእነዚህ አምስት ሰዎች ሌላ የሚኖር የለም።

የተሰበሰብነው ከተሞችን ሁሉ ከሚያስተዳድረው ከማዕከል በመጣ ማስታወቂያ ምክንያት ነው። ማስታወቂያው አጭር ነበር። ሐምሌ 1 ቀን ቆጠራ ይካሄዳል። ከአምስት ሰው በታች የሚኖርባት ከተማ ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ ውሃዋና መብራቷ ይቋረጣል፤ ነዋሪዎቿ ወደ ማዕከል ይዛወራሉ። አምስት ሰው ያላት ግን ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ባለችበት ትቆያለች። ከቆጠራው በፊት እያንዳንዷ ከተማ «ታሪክና እድገት» በሚል ርእስ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ትልካለች።

«አምስት ነን» አሉ ጋሽ ደስይበለው። እያወቁትም ቢሆን በጣታቸው አንድ በአንድ እየጠቆሙ ቆጠሩን።

«ጋሼ፣ ራስዎን ረስተው አራት እንዳያደርጉን» አለች ብርነሽ።

«ቆጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ሐምሌ 1 ማንም እንዳይሞት። ጻፈው ይትባረክ። ውሳኔ ቁጥር አንድ፦ መሞት ክልክል ነው።»

ሁሉም ሳቁ። አብልጠው የሳቁት እትዬ የውብዳር ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። እኔ አልጻፍኩትም፤ ቀልድ በቃለ ጉባኤ አይገባም።

ብርነሽን «አንቺ» የምላት ራሷ አዝዛኝ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ «አንቱ ያልከኝ ቀን አርጅቻለሁ ማለት ነው» ብላኛለች።

ታሪኩን ማን ይጻፈው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው እኔ ስምንተኛን በጨረስኩበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መምህሩ በጠየቁ ቁጥር የምመልሰው እኔ ነበርኩ። እንደዚያም ሆኖ መናገር አልለመደብኝም። ፊደል ግን አላሳስትም። የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉኝ ለዚህ ነው። ጸሐፊ በስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ሥራው ተስማማኝ።

ታሪኩን በዚያ ጠዋት እንዲህ ነገሩኝ።

በመጀመሪያ ቤት አልነበረም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሸንተረሩ ላይ ደህና ነፋስ ስለሚነፍስ፣ ከአራት ቀበሌ የመጡ ሰባት ገበሬዎች እህላቸውን እዚያ ይወቁ ጀመር። ሰባት አውድማ በእበት ተለቀለቀ። ክምር የሚጠብቅ ሰው ጎጆ ቀለሰ። ለወቂዎቹ ጠላ የምትሸጥ ሴት መጣች። ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ቆመ። በ1974 የእትዬ የውብዳር አያት ወፍጮ አመጡ፤ ሞተሩን ከዋናው መንገድ እስከዚህ በበሬ ለመጎተት ሁለት ቀን ፈጀ። መንገድ ገባ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ መብራት መጣ። በ2012 ማዘጋጃ ቤት ተከፈተ። በ2052 የሕዝቡ ቁጥር ስድስት ሺህ አራት መቶ ደረሰ። አንድ ባንክ፣ ሁለት መድኃኒት ቤት፣ ሦስት ፀጉር ቤት ነበር።

«አራት ፀጉር ቤት» አለች ብርነሽ። «የእልፍነሽን ለምን ትተዋላችሁ?»

«የእልፍነሽ ፀጉር ቤት አይባልም» አሉ ጋሽ ደስይበለው።

«ምን ሊባል ነው ታዲያ? እርስዎ እንኳ ያኔም ራሰ በራ ሆነው በየቅዳሜው ይመላለሱ አልነበር?»

አያ ስንሻው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሳላቸው ቶሎ አያቆምም፤ አንድ ሳንባቸው ሥራ ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ብርነሽ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገችላቸው። ሲሻላቸው ስለ አራሾቹ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

አራሾች የምንላቸው ማሽኖቹን ነው። ከመምጣታቸው በፊት ማሳዎቹ ኩታ ገጠም ሆነው ነበር። መጀመሪያ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ቀን ዘሩ። ቀጥሎ በመካከላቸው ያለው ድንበር ታረሰ። ቀጥሎ የአራቱ ቀበሌ ማሳ አንድ ማሳ ሆነ። በ2058 አሥራ አንዱ አራሾች መጡ።

«ቀድመው መነጽር ያደረገች ልጅ ላኩብን» አሉ አያ ስንሻው። «ጨዋ ልጅ ነበረች፤ የሰጧትን ትበላለች፣ የነገሯትን ትጽፋለች። እኛም ሞኞች ነን፣ ሁሉንም ነገርናት። ደመናው በየት በኩል ሲመጣ እንደሚዘንብ። ጉልጓሎ መቼ እንደሚጀመር። እሑድ እንደማይታረስ፣ በሚካኤል እንደማይታረስ፣ ጥሩምባ ሲነፋ በሬ እንደሚፈታ። ሦስት ክረምት ሙሉ ጠየቀችን። በአራተኛው ክረምት የሚጠይቀን ጠፋ።»

አራሾቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሑድ እሑድ ይቆሙ ነበር። በኋላ ማዕከል እሑድን አነሣ። ከዚያ በዓላቱን አንድ በአንድ አነሣ። አሁን ሌሊትም ቀንም አይቆሙም። አንዱ ለጥገና ሲገባ አሥሩ ይሠራሉ። ድምፃቸው እንደ ንብ ነው። እኔ የተወለድኩት ከመጡ በኋላ ስለሆነ ያለ ድምፃቸው ሸንተረሩን አላውቀውም።

ሰው ተባሮ አልወጣም። ሥራው ሄደ፣ ሰውም ተከተለው። አባቴና እናቴ በ2089 ሄዱ። እኔ የእድሩን ዕቃ ለሚረከበኝ ሰው አስረክቤ እከተላለሁ አልኩ። ዕቃው አንድ ድንኳን፣ አሥራ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥሩምባ፣ አንድ መዝገብ ነው። የሚረከብ አልተገኘም።

ከዚህ ሌላ ቁልፎች አሉ። ሰዎቹ ሲሄዱ እንመለሳለን በማለት የቤታቸውን ቁልፍ ለእድር ይተዉ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። በጆንያ ውስጥ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በጨርቅ ጽፌ አስሬበታለሁ።

ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ለማስገባት አራት ጊዜ ጻፍኩ። ጋሽ ደስይበለው ማዘጋጃ ቤቱ ሰፋ ብሎ እንዲጻፍ ፈለጉ። የመጨረሻው የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ እሳቸው ነበሩ፤ ማኅተሙን ዛሬም በኪሳቸው ይይዙታል። ብርነሽ የእልፍነሽ ፀጉር ቤት እንዲገባ ፈለገች። እትዬ የውብዳር ግን ምንም አላሉም። «ወፍጮ ቤቱን በሚመለከት የምለውን ብቻዬን ስሆን መጥተህ ጻፍ» አሉኝ።

በሰባት አውድማ ቀኑ የሚጀምረው ማዕከል በተከለው መቁጠሪያ ምሰሶ ነው። በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆሟል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ በአንድ መዳፋችንን እናስነካዋለን፤ በሴት ድምፅ «ክቡር ነዋሪ፣ እንደምን አደሩ» ይላል። ብርነሽ ምሰሶውን «ምራቴ» ነው የምትለው። «በየጠዋቱ ጤና ትጠይቀኛለች፤ አንድ ጀሪካን ውሃ ግን ቀድታልኝ አታውቅም» ትላለች።

የታመመ ሰው ካለ ጎረቤቱ ስለ እሱ «ቤት አለ» ብሎ መመለስ ይችላል። በእድር ስም ሲጠራ የኖረ ልማድ ነው። ምሰሶው ሲተከል ልማዱ እንዲቀጥል ተከራክረው ያስፈቀዱት ጋሽ ደስይበለው ናቸው። የተፈቀደው ለሦስት ጠዋት ነው። በአራተኛው ጠዋት ከማዕከል ሰው አልባ መኪና መጥቶ ሕመምተኛውን ይወስዳል። እስካሁን ተወስዶ የተመለሰ የለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሞት ምስክር ወረቀት ይመጣል፤ ወረቀቱን በእድሩ መዝገብ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሰባት አውድማ ላይ ሰው ከተቀበረ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምሰሶውም አራሾቹም የመጡት በአንድ ዓመት ነው።

ማክሰኞ ምግብ ይመጣል። ዳቦው ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ማሸጊያው ላይ ስንዴው የበቀለበት ማሳ ቁጥር ተጽፏል። የእኛ ማሳ ቁጥር ነው። ስንዴው ከበራችን ፊት ለፊት ታጭዶ ይሄዳል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳቦ ሆኖ ይመጣል። ወደ ማሳው መግባት ክልክል ነው።

ከሰዓት በኋላ የተዘጉትን ቤቶች እዞራለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቁልፎቹን በየተራ ይዤ በሮቹን እከፍታለሁ፤ ጣራ ያፈሰሰበትን አያለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። በቀን አምስት ቤት ከዞርኩ ሁሉም በሁለት ወር ይደርሳቸዋል። ስገባ «ቤቶች» እላለሁ። በሰው ቤት ዝም ብሎ መግባት ነውር ስለሆነ ነው።

ሰኔ 24 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ እትዬ የውብዳር ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የተሰነጠቀው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወፍጮው ከቆመ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አሁንም ዱቄት እንዳለበት ያራግፉታል።

«ተቀመጥ። ጻፍ» አሉኝ። «ወፍጮ ቤት ማለት ወረፋ ነው። ይኸን አስቀድመህ ጻፍ። ሰው እህሉን ያስቀምጥና ወረፋ ይይዛል። ወረፋ ሲጠብቅ ይጫወታል። ልጁን የዳረ፣ የተጣላ፣ የታረቀ፣ ሁሉም እዚህ ነው። አያቴ ወረፋ የሚጥስ ሰው ቢመጣ ሞተር ያጠፋ ነበር። ሞተር ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ሰውየው ያፍርና ወደ ኋላ ይመለሳል። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ።»

«አንተ ልጅ ቃል ትቆጥባለህ፣ የክረምት እህል ይመስል። ለማን ልትተወው ነው?»

ቀና ሳልል መጻፌን ቀጠልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ልጄ አዱኛ በማዕከል እንደሞተ ታውቃለህ። ወረቀት መጣልኝ። አንተ ነህ ያነበብክልኝ። ለወረቀት ይለቀሳል? ግራ ገባኝ። አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ሰባት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ አልቅሼ አልወጣልኝም። ስለዚህ እኔ ከዚህ አልሄድም። ታምሜ እንደሆነ ቤት ናት እያላችሁ ቆዩ። ስሞት ግን ጥሩምባ ይነፋ። እድር ስከፍል የኖርኩት ለዚያ ነው። ያለ ጥሩምባ እንዳታወጡኝ። ይኸን ለእነሱ አልነገርኩም፤ ደስይበለው ይከራከረኛል፣ ብርነሽ ታለቅሳለች፣ ስንሻው ደግሞ አልችልም ብሎ ያዝናል። አንተ ያዝልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ ብቻ?»

«እይዛለሁ።»

«ጎሽ። ሁለት ቃል አስወጣሁህ።»

ሰኔ 29 ቀን ጠዋት ምሰሶው ዘንድ አልመጡም። ጋሽ ደስይበለው «ወይዘሮ የውብዳር ቤት አሉ» ብለው መለሱላቸው። ምሰሶው «ተመዝግቧል፣ ቀን አንድ» አለ። ብርነሽ እንቁላል ይዛላቸው ሄደች። ስትመለስ እንቁላሎቹ በእጇ ነበሩ።

በሦስት ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። የተገኙት አራት ናቸው። ሬሳው በግድግዳው ማዶ በቤታቸው ነበር፤ ብርነሽ ገንዛቸው መጣች። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

ጋሽ ደስይበለው ቆመው ተናገሩ። «ዛሬ ቀን አንድ። ነገ ቀን ሁለት። ሐምሌ 1 ቀን ሦስት። ቆጠራው በሦስተኛው ጠዋት ላይ ይውላል። እሳቸውም አስበውልን ነው የሞቱት ማለት ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እኛው በዝምታ እንቅበራቸው። ሐምሌ 2 ቀን ሞቱ ብለን እናስመዘግባለን። አምስት ዓመት እናገኛለን።»

«በዝምታ?» አሉ አያ ስንሻው።

«ጥሩምባው አይነፋም። ምሰሶው ይሰማል።»

«ያለ ጥሩምባ?»

«ለማን ነው የሚነፋው ስንሻው? ሁላችንም እዚህ ነን። መሞታቸውን አይተናል።»

«ጥሩምባ ለወሬ መሰለህ እንዴ የሚነፋው?»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

አያ ስንሻው «እንጃ» አሉ። «አባቴም አልነገረኝ። ብቻ ያለ እሱ ያወጣሁት ሰው የለም።»

ብርነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ ማዕከል ብገባ ዶሮዎቼን አያስገቡልኝም። ጠይቄያለሁ። ሕንፃው ሃያ ፎቅ ነው አሉ። ሃያ ፎቅ ላይ ማን ደህና አደርሽ ይለኛል? ምራቴ ብቻ።»

«ይኸው» አሉ ጋሽ ደስይበለው። «እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። የዚህችን ከተማ ታፔላ የተከልኩት በዚህ እጄ ነው። ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ ድንጋይ ጠቅጥቄ። እሱን ሲነቅሉት ቆሜ ማየት አልችልም። አምስት ዓመት ስጡኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ እኔም አልኖርም። የሚቃወም አለ?»

አያ ስንሻው መሬት መሬት አዩ። የተቃወመ አልነበረም። እኔ ጻፍኩ።

በእድራችን ደንብ ውሳኔ ከመፈረሙ በፊት ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብሎ ያነባል። ጋሽ ደስይበለው ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው «አንብበው» አሉኝ። ተነሥቼ አነበብኩ። የተገኙትን አነበብኩ። የተባለውን አነበብኩ። «ወይዘሮ የውብዳር መኩሪያ ያለ ጥሩምባ ይቀበሩ ተብሎ ተወስኗል» የሚለውን አነበብኩ። ከእሱ በታች አንድ መስመር ነበረ።

«ወይዘሮ የውብዳር መኩሪያ ያለ ጥሩምባ እንዳታወጡኝ ብለዋል።»

ጋሽ ደስይበለው ማኅተሙን እንደያዙ ቀሩ። «ይኸን ማን ተናገረ?»

«እሳቸው።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ሰኔ 24 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርክም?»

«ጸሐፊ አይናገርም» አልኩ።

«ወይ አንተ ልጅ» አለች ብርነሽ።

ጋሽ ደስይበለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስንሻው ሳንባ የለውም» አሉ። «እኔ ጥርስ የለኝም። እንንፋው ብንልስ ማን ይነፋዋል?»

ሦስቱም ወደ እኔ ተመለከቱ።

ጥሩምባው በእኔ እጅ የቆየው አምስት ዓመት ነው። በየወሩ እወለውለዋለሁ። አንድም ቀን ከንፈሬን አስጠግቼበት አላውቅም። ከሳጥኑ አውጥቼ ወደ ገበያው ሜዳ ይዤው ወጣሁ። አያ ስንሻው ብርነሽን ተደግፈው ተከተሉኝ። ጋሽ ደስይበለው ከኋላ መጡ፤ አልከለከሉኝም።

ሜዳው መካከል ቆምኩ። በዙሪያው ያሉት ቤቶች ሁሉ የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። የሁሉም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።

መጀመሪያ ስነፋ አየር ብቻ ወጣ።

«ጉንጭህን አትንፋ» አሉ አያ ስንሻው። «ከሆድህ አምጣው። ከንፈርህን ጥብቅ አድርግ፣ አፍህ የገባ ዝንብ እንደምትተፋ።»

ሁለተኛው እንደ ጥጃ ጮኸ። ብርነሽ በለቅሶዋ መካከል ሳቀች። ሦስተኛው ወጣ። ረጅም ነበር። ከሸንተረሩ ወርዶ፣ ማሳውን ተሻግሮ፣ ከማዶው ገደል ተመለሰ።

«አሁን ተናገር» አሉኝ። «ስማቸውን ጥራ። ጮክ ብለህ።»

በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወደ ተዘጉት በሮች ዞሬ «የሰባት አውድማ እድርተኛ!» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። ደገምኩት። «ያልሰማህ ስማ! ወይዘሮ የውብዳር መኩሪያ፣ የወፍጮ ቤቷ፣ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ተለየብኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አላወቅሁም። ጆሮዬ የታመመ መሰለኝ።

«ቆሙ» አሉ ጋሽ ደስይበለው።

ወደ ማሳው አየን። አሥራ አንዱም አራሾች ባሉበት ቆመው ነበር። ማረሻቸውን ከመሬት አንሥተዋል። የንቡ ድምፅ የለም። በሸንተረሩ ላይ ነፋስ እንደሚነፍስ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የድሮ ሰዎች አውድማውን የለቀለቁለት ነፋስ ይኸው ነው።

«ያች ልጅ» አሉ አያ ስንሻው። «መነጽሯ ልጅ። ጽፋው ነበር ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ጥሩምባውን መሰረዝ ረስተውታል።» ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከማዘጋጃ ቤቱ በር የምሰሶው ድምፅ መጣ። «ያልታወቀ ድምፅ ተመዝግቧል። የእርሻ ሥራ ተቋርጧል። ክቡራን ነዋሪዎች፣ ችግር አለ?»

«አለ እንጂ!» ብላ ጮኸች ብርነሽ። «ሰው ሞቶብናል! ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ነይ!»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም። የሟች ስም ይጥቀሱ።»

ወደ ምሰሶው የሄዱት ጋሽ ደስይበለው ናቸው። ኮታቸውን ቆለፉ፤ በማዘጋጃ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርጉት። መዳፋቸውን አስነኩ።

«ወይዘሮ የውብዳር መኩሪያ» አሉ። «የወፍጮ ባለቤት። የሰባት አውድማ ከተማ ነዋሪ።»

«ተመዝግቧል» አለ ምሰሶው። «የከተማዋ ነዋሪ ቁጥር አራት።»

እኔና ጋሽ ደስይበለው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉድጓዱን ቆፈርን። ቄሱ ወደ ማዕከል ከሄዱ ቆይተዋል፤ አያ ስንሻው በልጅነታቸው ድቁና ጀምረው ስለነበር የሚያስታውሱትን ያህል ጸለዩ። ድንኳኑን ተከልኩ። አሥራ አራቱንም አግዳሚ ወንበሮች አወጣሁ። አራታችን በአንዱ ላይ ተቀመጥን። እትዬ የውብዳር ሳጥን ውስጥ የነበረውን የአዱኛን ወረቀት ብርነሽ አምጥታ ከእሳቸው ጋር እንዲቀበር አደረገች። ለሁለቱም አለቀሰች።

አራሾቹ እስኪመሽ ድረስ ቆመው ዋሉ። በመዝገቡ ላይ «በቀብሩ የተገኙ፦ አራት እድርተኛ፣ አሥራ አንድ አራሽ» ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሽ ደስይበለው አንብበው ማኅተም አደረጉበት።

ሰኔ 30 ቀን ጠዋት አራሾቹ ሥራ ጀመሩ። ምሰሶው «በማሳው ላይ የታየው መቋረጥ ታርሟል፤ ሁለተኛ አይደገምም» አለ። በዚያው ቀን የከተማዋን ታሪክና እድገት በሁለት ገጽ ላክን፤ «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። ሐምሌ 1 ቀን ቆጠራው ተካሄደ፤ አራት ሆነን ተገኘን። ሐምሌ 8 ቀን ውሃው ተዘጋ። ሐምሌ 10 ቀን መኪና መጥቶ ወሰደን፤ በማዕከል በአራት የተለያዩ ሕንፃዎች ተመደብን። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ቁልፎች የሚረከብ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። ሐምሌ 26 ቀን ሸንተረሩ ታርሶ ስንዴ ተዘራበት።